አቻነት በምን ይመዘናል?

የሰው ልጅ በሕይወቱ ዘመን በሦስት ታላላቅ በሮች ያልፋል፤ እነዚህም ልደት፥ ጋብቻና ሞት ናቸው። ከሦስቱ በሁለቱ በኩል ሲያልፍ ፈቃዱ አይጠየቅም። ወደዚህ ዓለም ስንመጣ ማንም አላማከረንም፤ ከዚህ ዓለም ስንሄድም ማንም አያማክረንም። በመካከል ያለው በር፥ ይኸውም ጋብቻ፥ የሰው ፈቃድ ሥልጣን ሊኖረው የሚገባው በር ነበር። ነገር ግን በብዙ አገርና በብዙ ዘመን ይህም እንደ ሁለቱ ተቆጥሮ፥ ሌላ ሰው ሲከፍተው ሌላ ሰው ሲዘጋው ኖሯል።

በቋንቋችን «አቻ» የሚባል ብርቱ ቃል አለ። አቻ ማለት እኩያ፥ ተመጣጣኝ፥ በሚዛን ላይ ቢቀመጥ ወዲያና ወዲህ የማይደፋ ማለት ነው። ሽማግሌ ለጋብቻ ሲላክ አስቀድሞ የሚመረምረው ይህንኑ ነው። ልጁ ለልጅቱ አቻ ነውን? ልጅቱስ ለልጁ አቻ ናትን? የአቻ ጋብቻ መልካም፥ ያላቻ ጋብቻ ክፉ እንደ ሆነ ከጥንት ጀምሮ ሲነገር ኖሯል። እኛም ይህን አንክድም። አንዱ ፈጣን አንዱ ዘገምተኛ የሆኑ በሬዎች በአንድ ቀንበር ቢጠመዱ ትልሙ እንደሚጣመም፥ ያልተገጣጠሙ ባልና ሚስትም ኑሯቸው ይጣመማል። ይሁን እንጂ አንድ ጥያቄ ሳይመለስ ቀርቷል። አቻነት የሚመዘነው በምን ሚዛን ነው? ሚዛኑንስ የያዘው እጅ የማን ነው?

አስቀድመን ለአባቶቻችን ሚዛን የሚገባውን ክብር እንስጥ። በጥንቱ ኑሮ ጋብቻ የሁለት ሰዎች ጉዳይ ብቻ አልነበረም፤ የሁለት ቤቶች፥ አንዳንድ ጊዜም የሁለት አገሮች ስምምነት ነበር። «ሀብትሽ በሀብቴ» በሚባለው የሰማንያ ጋብቻ የወንዱ ወገን ይህን ያህል ከብት ሲያቀርብ የሴቲቱም ወገን በዚያው ልክ ያቀርብ ነበር። ይህም ከንቱ ጌጥ አልነበረም። ባልና ሚስት የተጣሉ እንደ ሆነ ሴቲቱ ድርሻዋን ይዛ ወደ ወላጆቿ ቤት ልትመለስ ትችል ነበርና፥ በከብት እኩል መሆኗ በክርክርም ጊዜ እኩል ቃል እንዲኖራት ይረዳት ነበር። እንግዲህ ከብት የቆጠሩት ሽማግሌዎች ሞኞች አልነበሩም። የሚታየውን ነገር ቆጥረው የማይታየውን ነገር ለመጠበቅ ደከሙ። ጥፋቱ የመጣው የሚታየው ከተቆጠረ በኋላ የማይታየው ሳይጠየቅ በቀረ ጊዜ ነው።

ይህን ጥፋት ከማናቸውም መጽሐፍ ይልቅ አጉልቶ ያሳየን ክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ነው። ይህን ልብ ወለድ ያላነበበ እንኳ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው ሰምቶታልና ታሪኩን መዘርዘር አያስፈልግም። ብዙ ሰው የፍቅር ታሪክ አድርጎ ያነበዋል፤ ይህም ትክክል ነው። ነገር ግን መጽሐፉን እንደ ገና ገልጦ ለተመለከተው፥ ከፍቅሩ ሥር የተቀበረ ሌላ ታሪክ አለ። እርሱም የሚዛን ታሪክ ነው።

ፊታውራሪ መሸሻ ልጃቸውን ሰብለ ወንጌልን ይጠላሉ የሚል አንባቢ አይገኝም። የሚወዷት ልጃቸው ናት። ነገር ግን እርሷን ለመዳር በእጃቸው የያዙት ሚዛን አንድ ነገር ብቻ የሚመዝን ነበር፤ እርሱም አጥንት ነው። ጠያቂ በመጣ ቁጥር የዘሩ ሐረግ ይቆጠራል፤ ተቆጥሮም ጎደሎ ይሆናል። ልጅቱ አቻ እየተፈለገላት ዕድሜዋ ያልፋል፤ ከቀን ወደ ቀንም ከራሷ ልብ ትርቃለች። እዚህ ላይ ልናስተውለው የሚገባን ነገር፥ በዚያ ቤት ውስጥ ብዙ ሰው ስለ ሰብለ ወንጌል ጋብቻ ሲናገር፥ «አንቺስ ምን ትያለሽ?» ብሎ የሚጠይቅ መታጣቱ ነው። አባትየው የልጃቸውን ዋጋ ከፍ ለማድረግ ሲሉ ቃሏን ምንም ዋጋ እንዳይኖረው አደረጉት።

የበዛብህም ዕጣ ከዚህ የተለየ አልነበረም። አባቱ ቦጋለ መብራቱና እናቱ ውድነሽ በጣሙ በዘርና በሀብት ሚዛን ቢመዘኑ እርስ በርሳቸው የማይመጣጠኑ ሰዎች ነበሩ። ዳሩ ግን ጎጆ ቀለሱ፤ ልጅ ወለዱ፤ አሳደጉ። በዚህ በኩል ደራሲው ያላቻ የተባለ ጋብቻ ቤት ሊያቆም እንደሚችል በጸጥታ አሳይተውናል። ነገር ግን እነዚሁ ወላጆች ልጃቸው በሕይወት እንዲኖርላቸው ሲሉ ለእግዚአብሔር ተሳሉለት፤ ስለቱም እንደ ሌላው ሰው ትዳር ይዞ እንዳይኖር የሚያግደው ነበር። ልጁ በዚያ ጊዜ ሕፃን ነበርና አልተጠየቀም፤ ቢጠየቅም መልስ አልነበረውም።

ስለዚህ ሁለቱ ወጣቶች በተገናኙ ጊዜ እያንዳንዳቸው በአንድ ቃል የታሰሩ ነበሩ፤ ቃሉ ግን የራሳቸው አልነበረም። እርሷን ያሰራት የአባቷ ኩራት ነው፤ እርሱን ያሰረው የወላጆቹ ፍርሃትና ፍቅር ነው። የዚህ መጽሐፍ ኀዘን ከዚህ ይመነጫል እንላለን። ሰው በገዛ ቃሉ ቢታሰርና ቢጎዳ፥ ጉዳቱ የራሱ ነውና ይማርበታል፤ ይጸጸትበታል፤ ይታገሠዋል። በሌላ ሰው ቃል የታሰረ ሰው ግን ለመጸጸት እንኳ መብት የለውም፤ ያልሠራውን ሥራ እንዴት ይጸጸትበታል? ሰብለ ወንጌል በመጨረሻ መንኩሳ ከመቃብሩ አጠገብ የኖረችበትን ዘመን የምናነብ ሁሉ እንባችን የሚመጣው፥ ከብዙ ዘመን በኋላ ራሷ የመረጠችው የመጀመሪያው መኖሪያ የመቃብር አጥር ሆኖ ስለ ተገኘ ነው።

ይኸው ነገር በዚያው ዘመን በሳቅም ተነግሯል። መንግሥቱ ለማ «ያላቻ ጋብቻ» በሚለው ተውኔታቸው፥ የተማረና ከትልቅ ቤት የተወለደ ወጣት የቤት ሠራተኛውን በማግባቱ በዘመዶቹ ዘንድ የተነሣውን ሁከት አሳይተውናል። ተመልካቹ እየሳቀ ከቤቱ ሲገባ አንድ ጥያቄ ይከተለዋል። ከሁለቱ ያላቻው ማን ነው? መጽሐፍ ያነበበው ነው ወይስ ጓዳውን የያዘችው? አንዱ ደራሲ በእንባ፥ ሌላው ደራሲ በሳቅ አንዱን ሚዛን መመርመራቸው ጉዳዩ በዚያ ትውልድ ልብ ውስጥ ምን ያህል ይብላላ እንደ ነበር ያስረዳል።

ነገር ግን የአቻነት ሚዛን በጎጃም መኳንንት አዳራሽና በአዲስ አበባ መድረክ ብቻ የተሰቀለ የሚመስለው ሰው ቢኖር ይሳሳታል። እያንዳንዱ ሕዝብ የራሱ ሚዛን አለው። ከወላይታ ሶዶ ተነሥተን ወደ ምዕራብ፥ ወደ ኦሞ ወንዝ አቅጣጫ እንሂድና የኪንዶ ኮይሻ ወረዳ ከተማ ከሆነችው ከቤሌ እንድረስ። በዚህ አገር የጋብቻ ሥርዓት ውስጥ አእምሮን የሚያስደንቅ ነገር አለ። የወላይታ ጎሣዎች ከጥንት ጀምሮ በሁለት ታላላቅ ወገኖች ይከፈላሉ፤ አንዱ ማላ፥ ሁለተኛው ዶጋላ ይባላል። በጥንቱ ሥርዓት ማላ ከማላ፥ ዶጋላም ከዶጋላ አይጋባም፤ ሚስት የምትፈለገው ከወዲያኛው ወገን ነው። በሰሜኑ አገር እስከ ሰባት ቤት ድረስ ዘመድ ተቆጥሮ ጋብቻ እንደሚከለከል፥ በወላይታም ሰው ከማይመስለው ወገን እንዲያገባ ታዘዘ።

እንግዲህ አስተውሉ። ልማድ ራሱ በአንድ አንደበቱ «ከሚመስልህ ተጋባ» ሲል፥ በሌላው አንደበቱ «ከሚመስልህ አትጋባ» ይላል። ይህ ግጭት ይመስላል፤ ነገር ግን በውስጡ ጥበብ አለው። ጋብቻ ከባዕድ ጋር የሚደረግ ዝምድና ነው። ፈጽሞ አንድ የሆኑ ሰዎች መጋባት አያስፈልጋቸውም፤ ወንድምና እኅት ናቸውና። ፈጽሞ የተለያዩም መጋባት አይሆንላቸውም፤ የሚነጋገሩበት ነገር የላቸውምና። ጋብቻ በሁለቱ መካከል የሚዘረጋ ድልድይ ነው። ድልድይ ደግሞ ወንዝ በሌለበት ቦታ አይሠራም። ስለዚህ ከልማዱ ራሱ የምንማረው፥ ልዩነት የጋብቻ ጠላት አለመሆኑን፥ እንዲያውም የጋብቻ መነሻ መሆኑን ነው።

ይሁን እንጂ በዚሁ አገር ድልድይ ሊሠራበት ያልተፈቀደ አንድ ወንዝ ነበር። በወላይታ እንደ ሌሎቹ ብዙ የአገራችን ክፍሎች ሁሉ፥ ሸክላ ሠሪው፥ ቆዳ ፋቂውና ብረት ቀጥቃጩ ከአራሹ ተለይተው ይኖሩ ነበር። ሸክላ ሠሪዎቹ በአገሩ ቋንቋ ቺናሻ ይባላሉ፤ ስሙ ብዙ ጊዜ ለስድብ ስለ ዋለ እኛ ሸክላ ሠሪ ብለን እንጠራቸዋለን። እነዚህ ወገኖች ከአራሹ ጋር አይጋቡም ነበር፤ አብሮ መብላቱም ነውር ሆኖ ይቆጠር ነበር። ዛሬ ሕጉ ሰውን ሁሉ እኩል አድርጎታል፤ በትምህርት ቤትም የሁሉ ልጆች በአንድ ወንበር ይቀመጣሉ። በጋብቻ ረገድ ግን የቀድሞው ልማድ ፈጽሞ ከሰው ልብ አልወጣም።

እንበልና በቤሌ አቅራቢያ የሚኖር የአንድ አራሽ ልጅ የሸክላ ሠሪ ልጅ የሆነችውን ወደደ። በአንድ ትምህርት ቤት ተምረዋል፤ ለአንድ ፈተና አብረው አጥንተዋል፤ አንዱ የሌላውን ጠባይ ያውቃል። ልጁ ለአባቱ ይነግራል። አባትየው ክፉ ሰው አይደሉም። «ልጄ ሆይ፥ እኔ ልጅቱን አልጠላኋትም። ነገር ግን እናትህ ነገ ከየትኛው ጎረቤት ቤት ቡና ትጠጣለች? የምትወልዷቸውን ልጆች ማን ያገባቸዋል? እኔ ስሞት ለቅሶዬን ማን ይቀመጥልኛል? አንተ የምትወዳት አንዲት ሴት ናት፤ እኔ ግን የማጣው መንደር ነው» ይሉታል።

ይህን ንግግር ንቀን ብንተወው ፍርዳችን ቀላል፥ ነገር ግን ዋጋ የሌለው ይሆናል። አባትየው የተናገሩት ከፍርሃት ነው፤ ፍርሃታቸውም ባዶ አይደለም። ብዙ ዘመን የኖረ ልማድ የሚያስፈራው ሐሳብ ስለ ሆነ አይደለም፤ በር ሲዘጋ፥ ዕቁብና ዕድር ሲለይ፥ ሰላምታ ሲቋረጥ በዓይን ስለሚታይ ነው። እንግዲህ ለእኒህ አባት ምን መልስ አለን?

የመጀመሪያው መልሳችን ይህ ነው። አራሹ ምግቡ የሚበስልበት ማሰሮ የሸክላ ሠሪዋ የእጅ ሥራ ነው። የሚተኛበት ቁርበት የፋቂው ሥራ ነው። መሬቱን የሚገለብጥበት ማረሻ የቀጥቃጩ ሥራ ነው። እንግዲህ ይህ ሰው ሲበላ፥ ሲተኛና ሲያርስ ከሦስቱ ጋር ተጋብቶ ይኖራል። የእጇን ሥራ ከምድጃው ላይ አስቀምጦ እጇን የሚጸየፍ ሰው፥ ያላቻ የሆነው ከእርሷ ጋር ሳይሆን ከገዛ ራሱ ጋር ነው። ማሰሮው ከእሳት ላይ ሳለ ማን እንደ ሠራችው አይጠየቅም፤ የሚጠየቀው እንደ ሰው በበሩ ስትገባ ብቻ ነው።

ሁለተኛው መልስ ከዚህ ይልቃል፤ የዚህም ጽሑፍ ዋና ነገር እርሱ ነው። ያላቻነት ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ከውጭ የሚመጣ ነው፤ ሁለተኛው ከውስጥ የሚመነጭ ነው። አባትየው የዘረዘሩት መከራ ሁሉ፥ ቡናው፥ ለቅሶው፥ የልጆቹ ዕጣ፥ በሁለቱ ወጣቶች መካከል የሚገኝ አይደለም። በጎረቤቶቻቸው ልብ ውስጥ የሚገኝ ነው። ሁለቱ ልጆች ለብቻቸው በአንድ ደሴት ቢኖሩ ከዚያ መከራ አንዱም አይደርስባቸውም ነበር። እንግዲህ ይህን ያላቻነት የጋብቻው ጉድለት ነው ማለት፥ አንድን ሰው ደብድቦ «ይህ ሰው በሽተኛ ነው» እንደ ማለት ይቆጠራል። ከውጭ የመጣ ያላቻነት ከውጭ ይወገዳል። የመንደሩ ታላቅ ሽማግሌ ከሠርጉ ማግሥት ወደዚያ ቤት ገብተው አንድ ስኒ ቡና ቢጠጡ፥ የችግሩ ገሚስ በዚያች ስኒ ያልቃል። ስለዚህ ኃላፊነቱ ከሙሽሮቹ ይልቅ በጎረቤት ላይ ይወድቃል። «ያላቻ ናቸው» የሚለው ሰው፥ ያላቻ የሚያደርጋቸው እርሱ ራሱ መሆኑን ይወቅ።

እስከዚህ ድረስ ያነበበ ወጣት ደስ ብሎት ይሆናል። «እንግዲያው ፈቃድ ብቻ ይበቃል፤ ሁለት ሰዎች ከተዋደዱ ሌላው ሁሉ ከንቱ ነው» ይል ይሆናል። ነገር ግን እዚህ ላይ እንድንቆም የሚያደርገን ሁለተኛው ዓይነት ያላቻነት አለ። እርሱን ከውጭ ማንም ሳያመጣው፥ ማንም ሳያስገድድ፥ ከሁለቱ መካከል ይበቅላል። ስለዚህ ነገር ከተጻፉት መጻሕፍት ሁሉ ምናልባት ጥልቁ «ሚድልማርች» የተባለው የእንግሊዞች ልብ ወለድ ነው። መጽሐፉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1871 እና በ1872 በክፍል በክፍል የታተመ ሲሆን፥ ደራሲዋ ሜሪ አን ኤቫንስ በወንድ ስም ጆርጅ ኤልየት ተብላ የጻፈች ሴት ናት።

በዚያ መጽሐፍ ውስጥ ዶሮቲያ የምትባል ገና 20 ዓመት ያልሞላት ልጅ አለች። ወላጆች የሏትም፤ የሚያሳድጋት አጎቷ የዋህ ሰው ነው፤ የሚያስገድዳትም የለም። መልከ መልካምና ባለጸጋ የሆነ ወጣት ሲፈልጋት ትታው፥ ከ45 ዓመት በላይ የሆነውን ካሶቦን የተባለ ካህን በገዛ ፈቃዷ አገባች። ለምን? ይህ ሰው የዓለምን አፈ ታሪክ ሁሉ የሚፈታ ታላቅ መጽሐፍ እየጻፈ ነው ተብሎ ይነገርለት ነበር። እርሷም ለታላቅ ሥራ የተጠማች ነፍስ ነበረቻትና፥ የእርሱን ዕውቀት እንደ ፀሐይ አይታ በብርሃኑ ለመኖር ወደደች። ካገባችው በኋላ ግን ያ መጽሐፍ ከቶ የማያልቅ፥ ሰውየውም በልቡ ስለ ራሱ ችሎታ የሚጠራጠርና ጥርጣሬውን እንዳይታይበት የሚፈራ መሆኑን አወቀች። ያገባችው ሰውየውን አልነበረም፤ ስለ ሰውየው ያሰበችውን ሐሳብ ነበር። እርሱም እርሷን አላገባም፤ በዝምታ የምታደንቀውን ጸሐፊ ለማግባት ፈልጎ ነበር።

በዚህ ጋብቻ ማንን እንወቅሳለን? ፊታውራሪ መሸሻ የሉም። መንደሩ በር አልዘጋም። በማዕረግ የተራራቁ አልነበሩም፤ በሃይማኖት አንድ ነበሩ። የአባቶቻችን ሚዛን ቢቀርብ ከዕድሜያቸው በቀር ጉድለት ባላገኘም ነበር። የዘመናችን ወጣት ሚዛን ቢቀርብም «ፈቅዳ አገባች» ብሎ ያጸድቀው ነበር። ሁለቱም ሚዛኖች ያላዩት ነገር ነበረ። በዚያው መጽሐፍ ውስጥ ሊድጌት የሚባል ወጣት ሐኪምና ሮዛመንድ የምትባል ውብ ሚስቱ አሉ፤ እነርሱም በወጣትነትና በፍቅር የተገናኙ ሳሉ፥ ዕዳ በቤታቸው በገባ ጊዜ አንዱ የሌላውን ቃል መስማት ስላቃታቸው ኑሯቸው መራራ ሆነ። ደራሲዋ ሁለቱን ጋብቻዎች ጎን ለጎን ያቆመቻቸው፥ ዕድሜ ብቻውን ምክንያት እንዳይሆንልን ብላ ይመስላል።

የዶሮቲያ ታሪክ እጅግ ልብ የሚነካው ካሶቦን ለመሞት በተቃረበ ጊዜ ነው። አንድ ሌሊት ሚስቱን ይጠራና፥ እርሱ ከሞተ በኋላ ፈቃዱን ሁሉ እንደምትፈጽም ቃል እንድትገባለት ይጠይቃታል። ፈቃዱ ምን እንደ ሆነ ግን አይነግራትም። እርሷም ለማሰብ ጊዜ ትጠይቃለች። ሌሊቱን ስትጨነቅ አድራ፥ በማግሥቱ እሺ ልትለው ወደ አትክልቱ ቦታ ስትወጣ ሞቶ ታገኘዋለች። እንግዲህ አንባቢ ሆይ፥ ይህን ከበዛብህ ስለት ጋር አነጻጽር። በዛብህ የታሰረው ገና መናገር ሳይችል በተነገረለት ቃል ነው። ዶሮቲያ የተጠየቀችው ይዘቱን ሳታውቅ እንድትናገረው የታዘዘችውን ቃል ነው። ያኛው ቃል ያለ አንደበት፥ ይህኛው ቃል ያለ ዕውቀት ነው። ሁለቱም የሰውን ልጅ ያስራሉ፤ ሁለቱም ቃል ኪዳን ለመባል አይበቁም።

ከዚህ ሁሉ አቻነት የሚመዘንበትን ሚዛን እናገኛለን ብለን እናስባለን። አቻ ማለት በአጥንት የሚመሳሰል አይደለም፤ በከብት የሚስተካከል አይደለም፤ በዲፕሎማ የሚመጣጠንም አይደለም። አቻህ ቃሉን ልትሰማው የምትችል፥ ቃልህንም ሊሰማህ የሚችል ሰው ነው። ባልና ሚስት ከአንድ ባሕር ይቀዳል የሚለውን የአገራችንን ብሂል ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ብዙዎች አንድ ዓይነት ውኃ ካልሆኑ አይገናኙም ማለት ነው ይላሉ። እኛ ግን ሁለት ሰዎች በአንድ ቤት ሲኖሩ ከአንድ ማሰሮ እየቀዱ፥ እየተነጋገሩና እየተሰማሙ በመጨረሻ አንድ ባሕር ይሆናሉ ማለት ጭምር ይመስለናል። አቻነት ከሠርጉ በፊት ተመዝኖ የሚያልቅ ነገር ሳይሆን ከሠርጉ በኋላ በየቀኑ የሚሠራ ሥራ ነው። ቢሆንም መሠረቱ አስቀድሞ ካልተጣለ ሥራው አይጀመርም፤ መሠረቱም መጠየቅና ማወቅ ነው።

ይህ ካልሆነስ? ጋብቻው ከተፈጸመ በኋላ ያልተሰማሙ ሆነው ቢገኙ ትዕግሥት ነው የሚሻለው ወይስ መለያየት? በዚህ ጥያቄ ላይ አባቶቻችን አንድ ብቻ መልስ አልነበራቸውም። የቁርባን ጋብቻ የማይፈርስ ሲሆን የሰማንያ ጋብቻ በሽማግሌ ፊት ይፈርስ ነበር፤ ሁለቱንም መንገድ አንድ ሕዝብ ጎን ለጎን ይዞ ኖረ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ለወንድ 18፥ ለሴት 15 ዓመትን የጋብቻ ዕድሜ አድርጎ ነበር። በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የሁለቱንም ዕድሜ 18 አደረገ፤ ባልና ሚስት ተስማምተው ወይም ከሁለቱ አንዱ ብቻ ጠይቆ ጋብቻው በፍርድ ቤት እንዲፈርስ ፈቀደ። ወላይታ በዚያን ጊዜ የነበረበት የደቡብ ክልልም በ1996 ዓ.ም. የራሱን የቤተሰብ ሕግ አወጣ። ከእነዚህ ሁሉ በላይ የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት ጋብቻ በተጋቢዎቹ ነጻና ሙሉ ፈቃድ ብቻ እንዲመሠረት ደንግጓል። ሕጉ በሩን ከፍቷል፤ በዚያ በር መውጣት ወይም አለመውጣት ግን የሰው ኅሊና ጉዳይ ነው።

ስለ ትዕግሥት ያለን አስተያየት ይህ ነው። ትዕግሥት ታላቅ ምግባር ነው፤ ነገር ግን ምግባር የሚሆነው ሁለቱም ሲታገሡ ነው። አንዱ ብቻ የሚናገርበት፥ ሌላው ብቻ የሚታገሥበት ቤት የትዕግሥት ቤት ሳይሆን የጌታና የሎሌ ቤት ነው። ሚስት ሃያ ዓመት ዝም ብላ ኖራ ጎረቤት «እንዴት ያለች ጨዋ ናት» ብሎ ቢያመሰግናት፥ ያ ምስጋና ለእርሷ ሳይሆን ለዝምታዋ የተሰጠ ነው። የሚሰማ ጆሮ ባለበት ቤት ብዙ ልዩነት በትዕግሥት ይታለፋል፤ ቁጣም፥ ድህነትም፥ የጠባይ መለያየትም። የሚሰማ ጆሮ በጠፋበት ቤት ግን ትንሽ ነገር እንኳ አይታለፍም። ስለዚህ ሽማግሌ ለማስታረቅ ሲገባ «ታገሺ» ከማለቱ በፊት፥ «እርሱስ ይሰማሻልን?» ብሎ ይጠይቅ። መልሷ «አይሰማኝም» ከሆነ በእርሷ ላይ ትዕግሥት መጨመር በጎደለ ማሰሮ ውኃ ማፍሰስ ነው።

ስለዚህ በመጨረሻ ወደ ሽማግሌዎችና ወደ ወላጆች ቃላችንን እንመልሳለን። በቤሌም ሆነ በደብረ ማርቆስ፥ በሶዶም ሆነ በአዲስ አበባ፥ ሴት ልጅ ለጋብቻ በተጠየቀች ጊዜ አንድ የቆየ ልማድ አለን። ልጅቱ ትጠራለች፤ የመጣው ነገር ይነገራታል፤ እርሷም አንገቷን ደፍታ ዝም ትላለች። እኛም «ዝም ካለች እሺ ብላለች» ብለን እንነሣለን። ከብት ለመቁጠር፥ ዘር ለመቁጠር፥ ቀን ለመቁረጥ ብዙ ወራት የምንፈጅ ሰዎች፥ ለእርሷ መልስ ያንዲት ቡና ጊዜ አንጠብቅም።

ዶሮቲያ እንኳ አንድ ሌሊት ጠይቃ አንድ ሌሊት ተሰጥቷታል። ለልጆቻችን ከአንድ ሌሊት የበለጠ እንስጣቸው። ያ የሸክላ ሠሪዋ ልጅ፥ ያ የአራሹ ልጅ፥ በየቤቱ ያለችው ሰብለ ወንጌል፥ የሚመጣውን ሰው ጠባይ ዓይተው፥ ስሙን ብቻ ሳይሆን ቃሉን ሰምተው እስኪመልሱ ድረስ እንጠብቅ። መልሱ እሺታ ቢሆን እሺታው የራሳቸው ይሆናል፤ ችግር ቢመጣባቸውም በገዛ ቃላቸው ጸንተው ይቆማሉ። መልሱ እንቢታ ቢሆን እንቢታውን እናክብር። ዝምታ ቢሆን ግን እንደ ገና እንጠይቅ፤ ዝምታን እሺታ ነው ብለን የተረጎምነው እኛ ነን እንጂ እነርሱ አይደሉምና።